የአኳፖሪን 4 ምርመራ እስከ ከተማ ዳር ይድረስ፦ ከቱሉ ዲምቱ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት
ለኢትዮጵያ ጤና መድኅን አገልግሎት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የአንጎልን የውሃ ቦይ ፕሮቲን የሚያጠቃው አንቲቦዲ (የሰውነት መከላከያ የሚሠራው ፕሮቲን) በመንግሥት ላቦራቶሪ እንዲመረመር ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

በቱሉ ዲምቱ አካባቢ በአንድ ክሊኒክ የምሠራ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። በግል ማመልከቻ ፋንታ በግልጽ የምጽፍላችሁ ጉዳዩ የሚመለከታችሁ መሥሪያ ቤቶች ከአንድ በላይ ስለሆናችሁ፣ አንዱ ጋ የገባ ወረቀት ሌላው ጋ ሳይደርስ ስለሚቀር ነው። ልመናዬ አንድ ነው። ፀረ አኳፖሪን 4 የሚባለው የደም ምርመራ ቢያንስ በአንድ የመንግሥት ላቦራቶሪ በመደበኛነት ይሠራ፤ ከከተማ ዳር ያለ ጤና ጣቢያም ናሙናውን ወደዚያ የሚልክበት መንገድ ይኑረው።

ስሙ ለብዙ አንባቢ እንግዳ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። አኳፖሪን የሚባሉት ፕሮቲኖች በሴል ግድግዳ ላይ ተሰክተው ውሃ የሚያሳልፉ እጅግ ጠባብ ቀዳዳዎች ናቸው። ውሃ የሴልን ግድግዳ እንዴት እንዲህ ቶሎ እንደሚሻገር ሳይንቲስቶች ለረጅም ዘመን ሲከራከሩበት ኖረዋል። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ፒተር አግሬ ከባልደረቦቹ ጋር በቀይ የደም ሴል ላይ ሥራው ያልታወቀ ፕሮቲን አገኘ። ያንን ፕሮቲን እንዲሠራ በተደረገ የእንቁራሪት እንቁላል ላይ ሲፈትኑት፣ እንቁላሉ ጨው የሌለበት ውሃ ውስጥ ሲገባ አብጦ ፈነዳ፤ ፕሮቲኑ የሌለው እንቁላል ግን ምንም አልሆነም። ይህ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ሥራ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አግሬ በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከሮደሪክ ማኪነን ጋር ተካፈለ። በአንዷ ቀዳዳ ውስጥ በአንድ ሰከንድ 3 ቢሊዮን ገደማ የውሃ ሞለኪውሎች በሰልፍ ያልፋሉ፤ ጨው ግን አያልፍም።

በአንጎል ውስጥ በብዛት የሚገኘው አኳፖሪን 4 ነው። የሚቀመጠው አስትሮሳይት በሚባሉት የነርቭ ደጋፊ ሴሎች ላይ፣ በተለይ ሴሎቹ የደም ሥሮችን በሚነኩበት ጫፋቸው ላይ ነው። በዓይን ነርቭና በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ሞልቷል፤ በአንጎል ግንድ ላይ ማስታወክን በሚቆጣጠረው ትንሽ ቦታም እንዲሁ። እነዚህን ሦስት ቦታዎች ያዙልኝ።

ይህ በር በብዙ የአንጎል ሕመም ውስጥ እጁ አለበት። በክረምት የመንደራችንን ጎርፍ ወደ ግቢ የሚያስገባውም ዝናቡ ሲያባራ የሚያስወጣውም አንዱ የመንገድ ዳር ቱቦ እንደሆነ ሁሉ፣ አኳፖሪን 4ም እንደ ጉዳቱ ዓይነት ሁለቱንም ይሠራል። በ2000 የታተመ ጥናት ይህ ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች የአንጎላቸው ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ከመጠን ያለፈ ውሃ ሲሰጣቸው አንጎላቸው ከሌሎቹ ያነሰ እንደሚያብጥ አሳየ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ፈሳሹ ከደም ሥር አፈትልኮ በሴሎች መካከል በሚጠራቀምበት ሁኔታ፣ ለምሳሌ ዕጢ ሲኖር፣ ያንኑ ፕሮቲን ያጡ አይጦች የባሰ እንደሚያብጡ ታየ። ስለዚህ «በሩን እንዝጋው» የሚለው ሐሳብ ቀላል አይደለም፤ እንደተፈለገ የሚከፍትና የሚዘጋ መድኃኒትም እስካሁን ለሕክምና አልዋለም። አንጎል በእንቅልፍ ጊዜ ቆሻሻውን በዚህ ፕሮቲን እርዳታ ያጥባል፣ የመርሳት በሽታ ከሆነው ከአልዛይመር ጋርም ይያያዛል የሚለው ከ2012 ወዲህ የመጣ ሐሳብ በጣም ይማርካል፤ ተመራማሪዎቹ ግን ዛሬም እየተከራከሩበት ነውና እኔ ደብዳቤዬን በእሱ ላይ አልመሠርተውም። የምመሠርተው ክርክሩ ባለቀለት በአንዱ በሽታ ላይ ነው።

በሽታው ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ ይባላል፤ ሐኪሞች በአጭሩ ኤንኤምኦ ይሉታል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዩጂን ዴቪክ በ1894 ዓይንና ሕብለ ሰረሰርን አንድ ላይ የሚያጠቃ ሕመም ብሎ ገለጸው። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ብዙ ሐኪሞች የነርቭን ሽፋን የሚያጠቃው የመልቲፕል ስክሌሮሲስ አንድ ዓይነት አድርገው ሲቆጥሩት ቆዩ። በ2004 በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ የተመራማሪዋ ቫንዳ ሌነን ቡድን የሕመምተኞችን ሴረም (ከደም ሴሎች ተለይቶ የሚቀረውን ፈሳሽ) በአይጥ አንጎል ስስ ቁራጭ ላይ ሲያደርግ፣ አንድ አንቲቦዲ በደም ሥሮቹ ዙሪያ ተለጥፎ አገኘ። በ2005 ደግሞ አንቲቦዲው የተለጠፈበት ፕሮቲን አኳፖሪን 4 መሆኑ ታወቀ። እንደ ላቦራቶሪ ሰው ይህ ታሪክ ደስ ይለኛል፤ መቶ ዓመት ያከራከረውን ነገር ማይክሮስኮፕ ላይ የተቀመጠ አንድ ስላይድ ዳኘው።

የሚሆነው እንዲህ ነው። የሰውነት መከላከያ ራሱ የሠራው አንቲቦዲ በአስትሮሳይቱ የውሃ በር ላይ ይጣበቃል፤ ኮምፕሊመንት የሚባሉትን የደም ፕሮቲኖች ይጠራል፤ አስትሮሳይቱ ይሞታል፤ በእሱ የሚደገፈው ነርቭ ተከትሎ ይጎዳል። በመልቲፕል ስክሌሮሲስ መጀመሪያ የሚጠቃው የነርቩ ሽፋን ነው። ልዩነቱ የምሁራን ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ለመልቲፕል ስክሌሮሲስ የሚሰጡ እንደ ኢንተርፌሮን ቤታ፣ ፊንጎሊሞድና ናታሊዙማብ ያሉ መድኃኒቶች ኤንኤምኦን ሊያብሱ ይችላሉ። ሳይመረመር በግምት የታከመ ሰው ገንዘቡንም ዓይኑንም ሊያጣ ይችላል።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልምጣ። ጎረቤቴ ወደ አርባ ዓመት የሚጠጉ፣ እንጀራ ጋግረው ለሱቆች የሚያስረክቡ ሴት ናቸው። ፈቃዳቸውን ጠይቄ፣ ስማቸውን ትቼ ነው የምጽፈው። መጀመሪያ የያዛቸው ስቅታ ነበር። «ሰው እያነሳኝ ነው» እያሉ ይስቁ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ሳቁ ቀረ፣ ማስታወክ ተጨመረ፣ ምግብ አልረጋ አለ። ጨጓራ ነው ተባለ። ኤች ፓይሎሪ ተመርምረው ተገኘባቸው፤ በአገራችን ኤች ፓይሎሪ በብዙ ሰው ላይ ይገኛል፤ ስለዚህ ተገኘ ማለት ያመማቸው እሱ ነው ማለት አይደለም። መድኃኒቱን ጨረሱ፣ ስቅታውም በራሱ ጊዜ ለቀቃቸው፣ ምስጋናውን መድኃኒቱ ወሰደ።

ወራት አልፈው ቀኝ ዓይናቸውን ሲያዞሩት ያማቸው ጀመር። አንድ ቅዳሜ በረንዳ ላይ ያሰጡትን በርበሬ እየለቀሙ ጠሩኝና «ልጄ፣ ይኼ በርበሬ ቀለሙ ለቀቀ ወይስ እኔ ነኝ?» አሉኝ። «እትዬ፣ እስቲ አንዱን ዓይንዎን ይጨፍኑና ይዩት» አልኳቸው። ቀኙን ሲጨፍኑ ደማቅ ቀይ፣ ግራውን ሲጨፍኑ አመድ የነካው ሆነባቸው። የቀይ ቀለም መደብዘዝ የዓይን ነርቭ መቆጣት የታወቀ ምልክት ነው፤ ለማየት መሣሪያ አይጠይቅም፣ አንድ እፍኝ በርበሬ ይበቃል። በሄዱበት ግን መነጽር ታዘዘላቸው። ከዚያ አንድ ሌሊት ደረታቸውን ዙሪያውን ጥብቅ አድርጎ ያዛቸው፤ ሲነጋ ከደረታቸው በታች አይሰማቸውም፣ ሽንታቸውም አልወጣ አለ። ሊፍት ከሌለው ኮንዶሚኒየም ከሦስተኛ ፎቅ በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመን አወረድናቸው። ሰፈሩ ምች ነው አለ፤ ያየቻቸው ነርስ ስትሮክ ጠረጠረች፤ ቀጥሎ የአጥንት ቲቢ ተባለ። ሁሉም በየፊናው ክፉ ግምት አልነበረም፤ ቲቢ ባለበት አገር ቲቢን መጠርጠር ተገቢ ነው። ስቅታውን፣ ዓይኑንና እግሩን በአንድ ወረቀት ላይ የጻፈ ግን አልነበረም። ያያዛቸው መጨረሻ ላይ ያገኙት የነርቭ ሐኪም ነው፤ ሦስቱ ቦታዎች ያዙልኝ ያልኳችሁ ሦስቱ ናቸው። ደሙ በግል ላቦራቶሪ በኩል ውጭ አገር ተልኮ፣ ክፍያው ከዕቁብና ከዘመድ ተሰብስቦ፣ ውጤቱ ፖዘቲቭ ሆኖ ተመለሰ። ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳሉ። የቀኝ ዓይናቸው ግን አልተመለሰም።

ይህ ሕመም ብርቅ ነው ትሉኝ ይሆናል። ብርቅ ነው፤ ግን ለሁሉም እኩል ብርቅ አይደለም። በ2016 የወጣ ጥናት በአሜሪካ ኦልምስተድ ካውንቲ ከ100,000 ሰው 3.9፣ አብዛኛው ሕዝቧ የአፍሪካ ዝርያ ባለው በካሪቢያኗ ማርቲኒክ ግን ከ100,000 ሰው 10 አግኝቷል። አንቲቦዲው ከሚገኝባቸው ውስጥ ሴቶች ከወንዶች እስከ ዘጠኝ እጥፍ ይበልጣሉ፤ የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ ቤት በሚያስተዳድሩበት፣ ልጅ በሚያሳድጉበት ዕድሜ ነው። ሕክምና ባልነበረበት ዘመን የተደረገ ክትትል ሕመሙ ከሚመላለስባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በአምስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ዓይናቸውን እንደሚያጡ ወይም ያለ ድጋፍ መራመድ እንደሚያቅታቸው አሳይቷል። ደግሞ እያንዳንዱ ጥቃት የራሱን ጠባሳ ትቶ ይሄዳል፤ ሁለተኛውን ጥቃት መከላከል የመጀመሪያውን ከማከም ይበልጣል።

ምርመራው ምን ይጠይቃል? ከምታስቡት ያነሰ። ደም በቀይ ክዳን ቱቦ ይቀዳል፣ በሴንትሪፊዩጅ ይሽከረከራል፣ ሴረሙ ይለያል፣ በቅዝቃዜ ለቀናት ይቆያል። ይህን እኛ ክሊኒክ ውስጥ ዛሬም እንሠራዋለን። ዋናው ላቦራቶሪ የሚያስፈልገው አኳፖሪን 4 የተተከለባቸው ሴሎች የተለጠፉበት ስላይድ፣ የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕና የሰለጠነ ዓይን ነው። የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ለአገራችን ላቦራቶሪ አዲስ ዕቃ አይደለም፤ ለቲቢ ምርመራ ስንጠቀምበት ኖረናል። አደራ የምላችሁ፣ ግዥው ሲታሰብ ርካሽ ነው ተብሎ ኤላይዛ የሚባለው ሌላው የአንቲቦዲ መመርመሪያ ዓይነት እንዳይገዛ። ዝቅተኛ ንባብ ላይ በሐሰት ፖዘቲቭ ማለት ይወዳል። የ2015ቱ ዓለም አቀፍ የምርመራ መስፈርትም የሚመርጠው በሴል ላይ የሚሠራውን ነው፤ እሱ ፖዘቲቭ ካለ የመሳሳት ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። ኔጌቲቭ ማለቱ ግን በሽታው የለም ማለት አይደለም፣ ከአራት ሕመምተኞች አንዱን ያህል ሊስት ይችላል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ከውጤቱ ጋር ሕመምተኛውንም ይመልከት።

ሁሉም ሆስፒታል ይሥራው አላልኩም። ሪኤጀንት በየቦታው ተበታትኖ መደርደሪያ ላይ ጊዜው ሲያልፍበት ስንት ጊዜ አይተናል! አንድ ላቦራቶሪ በሳምንት አንድ ቀን ናሙና አጠራቅሞ ቢሠራ ኪቱም አይባክንም፣ የሚያነበውም ሰው ዓይኑ ይለምዳል። ማጓጓዣውን በተመለከተ ከዜሮ አንጀምርም። የአክታና የደም ናሙና ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ በፖስታ ሠራተኛ እጅ ጭምር ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ ሲሄድ ኖሯል፤ የኤችአይቪ ቫይራል ሎድ የሚሄድበት የቅዝቃዜ ሣጥን አንድ ተጨማሪ ቱቦ አይከብደውም። የጎደለው በመላኪያ ፎርሙ ላይ አንድ መስመርና የሚቀበል ላቦራቶሪ ነው።

እግረ መንገዴን ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የሚበተን አንድ ገጽ መመሪያ እለምናለሁ። ከሁለት ቀን በላይ የቆየ፣ በጨጓራ መድኃኒት ያልተመለሰ ስቅታ ወይም ማስታወክ፤ ዓይንን ሲያዞሩ ሕመም ኖሮት በቀናት ውስጥ የደበዘዘ ዓይን፤ ከሽንት መያዝ ጋር የመጣ የሁለት እግር መዛል። ከእነዚህ አንዱ ሲገጥም ስለ ሌሎቹ ይጠየቅ፣ ሁለቱ ከተገናኙ ደሙ ተቀድቶ ሪፈር በዚያው ቀን ይጻፍ። ደሙ የሚቀዳው ለሕክምና ሲባል ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ከመቀየሩ በፊት ነው፤ ከተቀየረ በኋላ የሚፈለገው አንቲቦዲ አብሮ ተጠርጎ ሊወጣ ይችላል።

ሕክምናው አገር ያከስራል የሚል ሥጋት እንዳለባችሁ እገምታለሁ። አዎ፣ በ2019 በአሜሪካ ለዚህ ሕመም የተፈቀደው ኤኩሊዙማብ የሚባለው መድኃኒት ያኔ የዓመት ዋጋው ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ እሱን የሚጠይቅ የለም። በጥቃቱ ሰዓት የሚሰጠው በደም ሥር የሚገባ ሜቲልፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ ነው፤ ያልተሻለው ፕላዝማው ይቀየርለታል። ከዚያ በኋላ ጥቃቱ እንዳይመለስ የሚወሰዱት አዛታዮፕሪንና ማይኮፌኖሌት የሰውነትን መከላከያ የሚያበርዱ የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው፤ ኩላሊት ንቅለ ተከላ በሚሠራበት አገር እንግዳ አይደሉም። ሪቱክሲማብም አቻ ምርቶች ስለወጡለት እንደ ድሮው አይቀመስም የሚባል አይደለም፤ ለካንሰርና ለመልቲፕል ስክሌሮሲስም በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። እዚህ ላይ ላቦራቶሪው ሌላ ሥራ አለበት፦ ሪቱክሲማብ ከመጀመሩ በፊት የሄፓታይተስ ቢ፣ ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ ከመውሰድ በፊት ደግሞ የቲቢና በሰገራ ስትሮንጂሎይዲስ የሚባለው የአንጀት ትል ምርመራ። የተደበቀ ሄፓታይተስ ወይም ትል በእነዚህ መድኃኒቶች ተቀስቅሶ ሰው ሊገድል ይችላል፤ ስትሪፑም ማይክሮስኮፑም ያለው በየጤና ጣቢያው ነው።

ለጤና መድኅን አገልግሎት የማነሳው በተለይ የመድኃኒቱን ቀጣይነት ነው። አዛታዮፕሪን እስኪይዝ ወራት ይወስዳል፤ እስከዚያ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ ክኒን መቀጠል አለበት። በአባልነት ካርድ የሚታከም ሰው መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ፋርማሲ ውስጥ «የለም» ሲባል ከውጭ ለመግዛት አንድ ሁለት ወር ይታገልና ያቆማል፤ ያቆመ ዕለት ምንም አይሆንም፣ በሽታው የሚመለሰው በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሰው በመድኃኒቱ ማቋረጥ መሆኑን ረስቶታል። ከመንገዱ ወዲያ ያለው ሰፈር የሌላ ከተማ አስተዳደር ነው፤ ካርዱ ከወዲያ ከሆነ ሪፈሩም ከወዲያ ይጀምራል፣ በእግር አሥር ደቂቃ የሚሆነውን ትተው ሁለት ታክሲና አንድ ባጃጅ ይይዛሉ። ለሚራመድ ሰው ይህ ድካም ነው። እግሩ ለዛለ ሰው ግን መንገዱ ራሱ በቂ የማቋረጫ ምክንያት ነው። ለእንደዚህ ዓይነት ሥር የሰደደ የነርቭ ሕመም የሪፈር ወረቀቱ በየጊዜው ከታች እንዲታደስ ባይጠየቅ፣ የሦስት ወር መድኃኒትም በአንድ ጊዜ ቢሰጥ፣ የሚጎዳው ማነው?

ስለ ጸበልም አንድ ነገር ልበል፤ ሳልለው ባልፍ ሰፈሬን አላውቅም ማለት ነው። ዓይኑ የደበዘዘና እግሩ የዛለ ሰው ወደ ጸበል ይሄዳል፣ ይሂድም። ጎረቤቴም ሄደዋል። የምንለምነው ክኒኑን ይዘው እንዲሄዱ ነው፤ ይህንን የሚነግራቸው ደግሞ ከእኛ ይልቅ የንስሐ አባታቸው ቢሆን ይሰማል። ጤና ሚኒስቴር በኤችአይቪ ጊዜ ከሃይማኖት አባቶች ጋር የሠራውን ለዚህም መድገም ይችላል።

ለኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፦ ምርመራው ሲጀመር የናሙና አቀዳድና አላላክ ሥልጠና ለከተማ ዳር ላቦራቶሪዎችም ይድረስ። ሥልጠናው ቅዳሜም ቢሆን፣ አበል ባይኖረውም እመጣለሁ፤ በዚህ መስመር ያሉ የሙያ ጓደኞቼም እንደሚመጡ አምናለሁ። ምላሻችሁን፣ አይሆንም የሚል ቢሆን እንኳ፣ ምክንያቱን ጨምራችሁ በይፋ እንድታወጡልን እጠይቃለሁ፤ ይሆናል ከሆነ ደግሞ ናሙና መቀበል የምትጀምሩበትን ቀንና የመላኪያ ፎርሙን ለየጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ በደብዳቤ አሳውቁ።

ከሰላምታ ጋር
የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ
ቱሉ ዲምቱ

ግልባጭ፦
ለነርቭና ለዓይን ሐኪሞች
በከተማ ዳር ለሚገኙ ጤና ጣቢያዎች ላቦራቶሪ ክፍሎች